ከሰልና መግነጢስ፤ ውሃን ስለ ማጥራት በደብረ ታቦር የተደረገ ዲስኩር



 የዚህ ዲስኩር ርእስ መግነጢሳዊ ከሰል የተበከለ ውሃን እንደምን እንደሚያጠራ ማስረዳት ሲሆን፥ እኔ ግን ነገሩን ከወረታ የሩዝ መፈልፈያዎች ደጅ እጀምራለሁ፤ ብዙ ዘመን የደከምሁበት ገለፈት የተከመረው በዚያ ነውና።

ይህ ገለፈት አየር በተነፈገው ዕቃ ውስጥ ሲከስል፥ ዓይን የማያየው እልፍ አእላፍ ቀዳዳ ይከፈትበታል፤ በእንፋሎት ወይም በኬሚካል በሚገባ የነቃ ከሰል በ1 ግራሙ ብቻ ከ500 እስከ 1,500 ካሬ ሜትር የሚደርስ ገጽ ስለሚኖረው፥ የጨርቅ ቀለምም ሆነ ከማሳ ታጥቦ የሚወርድ የፀረ ተባይ መድኃኒት በዚያ ገጽ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ሙሴ በመራራው የማራ ውሃ ዕንጨት ጥሎ እንዳጣፈጠው በኦሪት ዘጸአት ያነበባችሁ ካህናት፥ ከዕፅ የተገኘ ነገር ውሃን ያጠራል ብላችሁ አትደነቁም።

ጭንቁ ከዚያ በኋላ ነው። ገና በጀማሪነቴ፥ በማሰሮ ውሃ ሰማያዊ ቀለም በጥብጬ የደቀቀ ከሰል ብጨምርበት፥ ሰማያዊው ጠፋ፥ ውሃው ግን ጠቆረ፤ በእናቴ ነጠላ ባጠልለው ነጠላው ጠቆረ፥ ደቃቁም አለፈ፤ ባሳድረውም ሙሉ በሙሉ አልዘቀጠም። ያ የጠቆረ ነጠላ እስከ ዛሬ ከልቡናዬ አልወጣም፤ አጥሪውን ከውሃው ማውጣት ካልተቻለ ማጥራቱ ገና አልተፈጸመምና።

መልሱ ብረት ነው። ሁለት ዓይነት የብረት ጨው፥ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ቫለንሱ፥ በ1 ለ2 ምጣኔ ሟሙቶ ከሰሉ ከተነከረበት በኋላ፥ አሞኒያ ወይም ኮስቲክ ሶዳ በጠብታ ሲጨመርበት፥ ማግኔታይት የተባለው ጥቁር ማዕድን በከሰሉ ገጽና ቀዳዳ ይፈጠራል፤ ከዚያ ወዲያ መግነጢስ ከብርጭቆው ጎን ሲጠጋ ጥቁሩ ሁሉ ወደዚያው ይሰበሰባል፥ የቀረውም ውሃ ጥርት ብሎ ይታያል። ይልቁንም የሚያስደንቀኝ፥ የማዕድኑ ቅንጣት 10 ናኖሜትር ያህል ሲያንስ፥ መግነጢሱ በራቀ ጊዜ ስሕበቱን መልሶ ማጣቱ ነው፤ ስለዚህ እርስ በርሱ ተጣብቆ አይቀርም፥ ታጥቦ ዳግመኛ ያገለግላል። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተቀለጠባት የጋፋት ልጆች በዚህ ካላችሁ፥ ይህን ሥራ ለእናንተ እመኛለሁ፤ ልኩን ማወቅ ግን የጥንቁቅ እጅ ሥራ ነው፥ ብረቱ ከበዛ ቀዳዳውን ይደፍናል፥ ካነሰም መግነጢሱ አይስበውም።

ሰዓቱ ስላለፈ፥ ርእሱ የሚጠይቀውን ቀሪ ነገር አሳጥራለሁ። መርዘኛው ባለ ስድስት ቫለንስ ክሮምየም በኮምጣጣ ውሃ ይበልጥ ይያዛል፥ ውሃው እጅግ ከኮመጠጠ ግን ብረቱም ይሟሟል። የስምጥ ሸለቆው ፍሎራይድ ሌላ መድኃኒት ይሻል። ተዋህስያንንም ይህ ከሰል ስለማይገድል፥ የሚጠጣውን ውሃ ማፍላት አይቀርም።

አንድ ልመና አለኝ፤ ከሰሉ መርዙን ይሸከመዋል እንጂ አያጠፋውምና፥ ያገለገለውን ከሰል ወደ ርብም ወደ ጉማራም አትጣሉት፤ ሁለቱም ጣና ይገባሉ።