ባሕር ለመውረድ
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የድንኳን ቆጠራና የመዋጮ ውዝፍ በሚነገርበት መድረክ ላይ ስለ ዓሣ ማጥመድ ልንናገር ስንቆም ሳትስቁብን አትቀሩም። ይሁን እንጂ ነገሩ መጨረሻው ዕድራችንን የሚነካ ስለሆነ ጥቂት ጊዜ እንድትሰጡን በትሕትና እንለምናለን።

እኛ እንደምታውቁን አራት ጡረተኞች ነን። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ላይ ቡና እንጠጣለን። ከአራታችን አንዱ የከባድ መኪና ሾፌር የነበረ ነው። በወጣትነቱ ከአሰብ ወደብ ዕቃ እየጫነ በሚሌ፣ በባቲ፣ በኮምቦልቻ፣ በጣርማ በር አድርጎ እዚሁ ደብረ ብርሃን ያድር ነበር። ወደቡ ላይ ተራው እስኪደርስ ሦስት ቀንም አራት ቀንም ይጠብቃል። ታዲያ ቁጭ ብሎ ከሚውል ብሎ ዓሣ ማጥመድ ተማረ። ዘንግ የለ፣ ምን የለ፤ ክሩን በጣቱ ላይ ጠምጥሞ፣ መንጠቆና እርሳስ አስሮ መጣል ነው። «ዓሣው ሲነካ በዓይን አይታይም፤ በጣት ነው የሚሰማው» ይለናል።

ያን ጊዜ አሰብ ያገር ውስጥ ነበር። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ራሷን የቻለች አገር ሆነች፤ በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ ደግሞ ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ጓደኛችንም ከዚያ ወዲህ ባሕር አላየም። «አንድ ጊዜ ክር ሳልጥል አልሞትም» ማለት ካበዛ በኋላ፣ እኛም ሦስታችን ባሕር የሚባል በዓይናችን አይተን የማናውቅ ሰዎች ስለሆንን፣ ጅቡቲ ወርደን ዓሣ እናጠምዳለን ብለን ተስማማን።

ባሕር መውረድ ለኛ አገር እንግዳ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረበት ዘመን የባሕሩ መንገድ ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ እዚያ ይደርስ ነበር። የአሞሌው ጨው ከቆላ ወጥቶ በአልዩ አምባ ገበያ ይሸጥ ነበር። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1841፣ ካፒቴን ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልክተኛ በዚሁ መንገድ ሲመጣ ከአንድ ወር በላይ ፈጅቶበታል። በኋላም ራምቦ የተባለው ፈረንሳዊ ለዳግማዊ ምኒልክ የሚሸጥ ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ ይዞ በ1878 ዓ.ም. ታጁራ ሲደርስ፣ ለመነሣት ብቻ አሥር ወር ያህል ቆየ። ግመል ሲፈልግ፣ ፈቃድ ሲጠይቅ፣ ሁለት ሸሪኮቹ ጉዞው ሳይጀመር ሞቱበት። ከዚያ አራት ወር ተጉዞ በ1879 ዓ.ም. አንኮበር ቢደርስ ምኒልክ እዚያ አልነበሩም። እንግዲህ የኛ አገር መንገድ ዝግጅት የሚወድ መንገድ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

እኛ ግን ይህን ሳንረዳ የዛሬ ሁለት ዓመት ብድግ ብለን ተነሣን። ስንቅ ጭነን፣ መንጠቆ ገዝተን፣ ቤተሰብ ተሰናብተን አዲስ አበባ ገባን። እዚያ ወረቀታችን ሲታይ የአንዳችን ፓስፖርት ሊያበቃ አራት ወር ቀርቶታል፤ የሌላው የአያት ስም በመታወቂያው አንድ ዓይነት፣ በፓስፖርቱ ሌላ ዓይነት ተጽፏል፤ ቢጫ ካርድ የያዘ አንድም ሰው የለም። ተመለሱ ተባልን። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰውን ማመልከቻ «አልተሟላም» እያልን ስንመልስ የኖርን ጸሐፊዎች የራሳችንን ሳናሟላ ተመለስን። ኧረ እንዴት አፈርን! ጥፋቱ የማንም ሳይሆን የኛው ነው። ስለዚህ አሁን በሁለተኛው ዙር ያዘጋጀነውን በተራ እንናገራለን፤ ነገ ልጁን ለመጠየቅ ወይም ኢየሩሳሌምን ለመሳለም የሚነሣ ሰው ይጠቀምበታልና።

አንደኛ፣ ወረቀት። ፓስፖርት ቢያንስ ስድስት ወር የሚቆይ ዕድሜ እንዲኖረው ያስፈልጋል። ስም በሁሉም ወረቀት ላይ ፊደሉ ሳይቀር አንድ ይሁን። የመግቢያ ቪዛውን ነገር አዲስ አበባ ካለው የጅቡቲ ኤምባሲ ራስ ጠይቆ መረዳት እንጂ በሰው ወሬ መነሣት አይገባም። የሁሉም ቅጂ አንዱ ቤት ይቀመጣል፣ አንዱ ከሻንጣው ተለይቶ ይያዛል።

ሁለተኛ፣ ጤና። ቢጫ ካርድ የሚገኘው የቢጫ ወባ ክትባት ሲወሰድ ነው። ክትባቱ ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ነው የሚጸናው፤ ዋዜማው ላይ መሮጥ አይረዳም። ደግሞ ዕድሜው ከ60 ያለፈ ሰው ይህን ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወስድ፣ ጉዳት የሚያደርስበት ጊዜ ጥቂት ቢሆንም ከወጣት ይልቅ ስለሚበዛ፣ አስቀድሞ ሐኪም ማማከር አለበት። ይኸን እኛ አናውቅም ነበር። የደም ግፊት መድኃኒት የምንወስድም አለን፤ አንዳንዱ መድኃኒት ሽንት ስለሚያበዛ በሙቀት አገር ሰውነትን ያደርቃል። ሐኪሙ ነው መጠኑን የሚያውቀው።

ወባንም አትናቁ። ቀድሞ ወባ የገጠር ነው ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ከእስያ የመጣች አንዲት የወባ ትንኝ በጅቡቲ ታየች፤ ይቺ በከተማ መካከል በበርሜልና በውኃ ማጠራቀሚያ የምትራባ ናት። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት ሆናለች። ስለዚህ አጎበር ይዘናል።

ሦስተኛ፣ ወቅትና መንገድ። በበጋ ወራቸው፣ ማለት ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ጅቡቲ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ከበረሃውም ትኩስ ነፋስ ይነሣል። እኛ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ በጋቢ የኖርን ሰዎች በዚያ ወር ብንወርድ እንደ ቅቤ መቅለጣችን ነው። የሚሻለው ከኅዳር እስከ የካቲት ስለሆነ ከጥምቀት በኋላ እንሄዳለን። በ2010 ዓ.ም. መንገደኛ ማጓጓዝ የጀመረው አዲሱ ባቡር ከአዲስ አበባ ዳር ከለቡ ተነሥቶ በድሬዳዋ፣ በደወሌ አድርጎ ጅቡቲ ናጋድ ይደርሳል። መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ሰውነታችን ሙቀቱን እንዲለምድ ድሬዳዋ ላይ ጥቂት ቀን እናርፋለን። ከሁሉ በፊት ግን መንገዱ ሰላም መሆኑን፣ ባቡሩም በዚያ ቀን መኖሩን ጠይቆ መነሣት ነው።

አራተኛ፣ ገንዘብ። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር በቋሚ ዋጋ የታሰረ ነው፤ አንድ ዶላር 177 ፍራንክ ከሳንቲም ይመነዘራል። ኑሮው ውድ ነው። የመጠጥ ውኃ እንኳ ከኛው አገር በቧንቧ የሚሄድላቸው አገር ነው። ስለዚህ የመመለሻው ገንዘብ በተለየ ኪስ ይሰፋል፤ ዓሣ ቢታጣም እሱ አይነካም።

አምስተኛ፣ ዕቃና ልምምድ። ሾፌሩ ጓደኛችን በሬሳ ወንዝ ዳር ወስዶ ክር አወራወር አስተማረን። አንድም ዓሣ አልያዝንም፤ የአንዳችንን ኮፍያ ይዘናል። የክሩን ቋጠሮ ግን ዓይናችንን ጨፍነን ማሰር ችለናል። እዚያ ስንደርስ ያገሩን ባለ ጀልባ ሳንይዝ ውኃ አንገባም። የድሮ ነጋዴ ያለ አፋር መሪ በረሃ እንደማይገባ ሁሉ፣ የት እንደሚፈቀድና የት እንደማይፈቀድ የሚያውቀው ባለአገሩ ነው። ሙሻና መስካሊ በተባሉት ደሴቶች አካባቢ ለምሳሌ ጥብቅ ሥፍራ አለ። ጀልባ ላይ የነፍስ ማዳኛ ጃኬት ሳንለብስ አንቀመጥም፤ ከኛ መካከል ዋና የሚያውቅ የለምና። በጥልቀት በሌለው ውኃም በባዶ እግር አንሄድም። ድንጋይ መስሎ አሸዋ ላይ የሚተኛ፣ እሾሁ መርዝ ያለው ዓሣ አለ። ከወጋ የተወጋውን እግር ቆዳ የማያቃጥል ሙቅ ውኃ ውስጥ መንከርና በቶሎ ሐኪም ቤት መድረስ ነው። ዓሣ እንድናመጣላችሁ ያዘዛችሁን እናቶች ግን ይቅርታ፤ ያን ሁሉ መንገድ ሳይበላሽ አይመጣምና እዚያው እንበላዋለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን።

ለክትባቱ ስንመረመር የሾፌሩ ጓደኛችን ልብ ደካማ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ሙቀትና ጀልባ አይሆንህም አለው። እሱ ግን «ለኔ ብላችሁ ያሰባችሁትን ጉዞ እኔን ጥላችሁ?» ብሎ ተቆጣ። እኛም አፈርን፤ ግድ የለም ይምጣ፣ ምን ይሆናል፣ እንደግፈዋለን አልን። ነገሩን ያቆመችው ባለቤቱ ናት። ቡና እየቀዳች፣ «እናንተ ሦስታችሁ ሽማግሌዎች፣ እዚያ አንድ ነገር ቢሆን በምን ታመጡልኛላችሁ? ዕድሩ ድንኳን እዚህ ቢተክል ሬሳው የት ነው?» ብላ ጠየቀችን። መልስ አልነበረንም።

ሄደን የዕድራችንን መተዳደሪያ ደንብ አነበብን። ለለቅሶ የሚከፈለው ተጽፏል፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ቀብር አስፈጻሚው ተጽፏል። አባል ውጭ አገር ሲያርፍ ግን ምን እንደሚደረግ አንድ መስመር የለም። ደንቡ ሲጻፍ ማንም ከጎረቤት ርቆ ይሞታል ተብሎ አልታሰበም። ዛሬ ግን ልጆቻችን በየዓረብ አገሩና በየአሜሪካው ናቸው፤ እኛም እንጠይቃቸዋለን። ሬሳ ከውጭ አገር ለማምጣት የሞት ማስረጃ፣ የኤምባሲ ደብዳቤ፣ የታሸገ ሣጥንና ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ዕድራችን ይክፈል አንልም፤ አቅሙን እናውቃለን። የምንጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ከአገር የሚወጣ አባል ሁሉ ለጸሐፊው አንድ የታሸገ ፖስታ ይስጥ። በውስጡ የሚሄድበትን ቦታ፣ ሕመሙንና መድኃኒቱን፣ እዚያ የሚጠራውን ሰው፣ እዚህም ቤተሰቡን፣ እዚያ ቢያርፍ የት መቀበር እንደሚፈልግ ይጻፍ። ሲመለስ ሳይከፈት ይወስደዋል። እኛ ሦስታችን የኛን ጽፈን ይዘን መጥተናል። ስንጽፈው እጃችን መንቀጥቀጡን አንደብቅም፤ ከጻፍነው በኋላ ግን ቀለል ብሎናል።

ጓደኛችን ከብዙ ዝምታ በኋላ በራሱ ቃል ቀረ። «እንግዲህ እኔ ተጠሪ ልሁን፤ ማታ ማታ ደውሉልኝ» አለ። ይኸው ከፊታችን ተቀምጧል። የሰጠንም ትእዛዝ አንድ ነው፤ የመጀመሪያው ዓሣ ክሩን ሲነካ ስልኩን ከፍተን እንድንነግረው ነው። ክሩም የሱ የአሰቡ ክር ነው፤ አሮጌ ስለሆነ እርሳሱን ብቻ ወስደን በአዲስ ክር አስረነዋል።

የተከበራችሁ አባላት፣ የፖስታውን ነገር ጠቅላላ ጉባኤው ተወያይቶ እንዲወስንበት በትሕትና እንጠይቃለን። እግዚአብሔር ወጥቶ ከመቅረት ይሰውረን፤ ዕድራችንንም ያጽናልን።