የተያዘው ብረት ሠሪው ነውን?



በጥቁር ሰሌዳ ላይ በግራ የገባውን፤ በቀኝ የወጣውን እንጽፍና በመካከል አንዲት ቀስት እናሰምራለን። ለፈተና ይህ ይበቃል። ለዕውቀት ግን አይበቃም፤ ሥራው ሁሉ የሚፈጸመው በቀስቲቱ ውስጥ ነውና።

ምሳሌውን ከገዛ ሰውነታችን እንውሰድ። በጉበታችን ፒ-450 የሚባሉ ኤንዛይሞች አሉ። በውስጣቸው ያለው የብረት አቶም ከምንተነፍሰው ኦክሲጅን አንዱን አቶም ለዋጥነው መድኃኒት ይሰጣል፤ ሁለተኛው አቶም ውሃ ይሆናል። ብረቱ ኦክሲጅኑን ከመስጠቱ በፊት ለቅጽበት ይዞት ይቆያል። ይህ በመካከል ተወልዶ ወዲያው የሚጠፋ ነገር ለብዙ ዘመን በግምት ብቻ የሚታወቅ ነበር።

ስለዚህ ኬሚስቶች ኤንዛይሙን የሚመስሉ ትንንሽ የብረት ውሕዶችን መሥራት ጀመሩ። በ2003 (በአውሮፓ አቆጣጠር) በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በቀዘቀዘ ፈሳሽ ውስጥ ኦክሲጅን የያዘ፤ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ የብረት ውሕድ አገኙ። በኤክስሬይ ሲለኩትም በብረቱና በኦክሲጅኑ መካከል ያለው ርቀት 1.65 አንግስትሮም ያህል ሆነ።

ደስታው ተገቢ ነበር። ዳሩ ግን ሊያዝ የቻለው ረጋ ያለ በመሆኑ ነው። ኦክሲጅኑን ለፎስፊን ሰጠ፤ ጠንካራውን የካርቦንና የሃይድሮጅን ማሰሪያ ለመስበር ግን አቅም አነሰው። እንግዲህ የሚታየው ሁሉ ሠሪው አይደለም። እውነተኛው ሠሪ ከዓይናችን የሚያመልጠው ሊሆን ይችላል።

ታዲያ በምን ይለያል? ተቀባዩን እየጨመርን ብንሰጠው የተያዘው ነገር በዚያው መጠን እየፈጠነ መጥፋት አለበት፤ ፍጥነቱም ለካታሊስቱ ሥራ የሚበቃ መሆን አለበት። በ2010 ሪትልና ግሪን የተባሉ ተመራማሪዎች የፒ-450ን የራሱን ኃይለኛ ብረት ይዘው እንዲህ ያለውን ፈተና አቀረቡለት፤ እርሱም ፈተናውን አለፈ።

ይህ የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በፋብሪካ ለዚህ ዓይነት ሥራ ሲያገለግል የኖረው ክሮሚየም መርዛማ ዝቃጭ ይተዋል፤ ብረት ግን ርካሽና የሚሻል ነው። ሠሪውን ሳናውቅ ካታሊስት እናሻሽል ብንል ግን የማይሠራውን ስናሻሽል እንኖራለን።

እኔም በላቦራቶሪ ቀለሙ ሲለወጥ አይቼ «ይኸው ሠሪው» ብዬ ጽፌ ነበር። መምህሬም «በምን አወቅህ?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ጓደኞቼ ሆይ፤ ነገርን ከሥሩ፤ ውሃን ከጥሩ ነውና ቀስቲቱን ከመሸምደዳችን በፊት ይህን ጥያቄ እንጠይቃት።