«ልጅ ነው፣ ይረሳዋል»

እሷ፦ የራያዋ ቆቦ በ2013 ሐምሌ፣ ደግሞም በ2014 ነሐሴ ጦርነት ገብቶባታል። ያኔ ዐሥር ዓመት የነበረው ልጅ ዛሬ ጎረምሳ ነው። በየቤቱ ግን «ልጅ ነው፣ ይረሳዋል» ይባላል።

እሱ፦ ይረሳዋል እኮ! ራያ ስንቱን አልፎ ማሽላውን ዘርቷል።

እሷ፦ ብዙው ያገግማል፣ እሱስ ልክ ነህ። ማገገም ግን መርሳት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ዓመት ከሆኑት ከየሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና እክል አለበት፤ ያውም ጦርነት ያላዩት ተደምረው። ምልክቱ ሁልጊዜ ለቅሶ አይደለም፤ እንቅልፍ ማጣት፣ ትምህርት መጥላት፣ በትንሽ በትልቁ መቆጣት ሊሆን ይችላል። እኛ «ጥጋብ ነው» ብለን ዱላ እናነሳለን።

እሱ፦ ወላጁም እኮ ቁስለኛ ነው። ስለ ልብ ነገር ማውራት ያልለመደ አባት ምን ይበል?

እሷ፦ ብዙ ማውራት የለበትም። ማሽላ ሲጠብቁ አብሮ መቀመጥ፣ ልጁ ሲጀምር አለማቋረጥ። ዘወልድ በሚባለው የራያ የእርቅ ሥርዓት ሽማግሌዎች ደም የሚያደርቁት ሁለቱንም ወገን ሰምተው አይደል? ለባዳ የማንነፍገውን ጆሮ ለልጃችን መንፈጋችን ይገርመኛል።

እሱ፦ ጠበሉና ዱዓውስ?

እሷ፦ ይቀጥል፤ ጤና ጣቢያ ከመሄድ አያግድም። «መሞት እፈልጋለሁ» ካለ ግን ብቻውን አይተውም፤ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ነው።

እሱ፦ በዚህስ አልከራከርሽም።