ልብ ሰቀላ በአጭር ልብ ወለድ፦ ከመደበቅ ይልቅ ማሳወቅ



ልብ ሰቀላ ሲባል ለብዙ ጀማሪ ደራስያን ምስጢር መደበቅ ብቻ ይመስላቸዋል። በየዓመቱ የማርማቸው የተማሪዎች ድርሰቶች ገዳዩን እስከ መጨረሻዋ መስመር ይሸሽጉታል፤ እኔም የምሰጋለት ሰው አጥቼ ገጹን እገልጣለሁ። ያልተነገረን ነገር ያጓጓን ይሆናል እንጂ አያስጨንቀንም።

ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. በ1843 ያሳተመውን፣ «ምስጢር አውጪው ልብ» ልንለው የምንችለውን አጭር ልብ ወለድ እንመልከት። ተራኪው ሽማግሌውን ለመግደል መወሰኑን ገና በሁለተኛው አንቀጽ ይነግረናል። ታዲያ ምን ቀረ? መቼነቱ ቀረ። ሰባት ሌሊት በሩን በዝግታ ይከፍታል፤ የሚጠላው የሽማግሌው ዐይን ግን ተከድኖ ያገኘዋል። በስምንተኛው ሌሊት አውራ ጣቱ ፋኖሱ ላይ ያዳልጠዋል፤ ሽማግሌው ይባንናል። ተራኪው አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይንቀሳቀስ ይቆማል። ሽማግሌው በጨለማው ውስጥ ማን እንዳለ አያውቅም፤ እኛ እናውቃለን። ፖ ያን ሰዓት በችኮላ አያልፈውም፤ የጥበቡም ዋና ስፍራ ይኸው ይመስለኛል።

ከግድያው በኋላ ሦስት ፖሊሶች ይመጣሉ። ተራኪው በድፍረት ወንበሩን ሬሳው ከተቀበረበት ወለል በላይ ያኖራል። ልብ በሉ፤ እስካሁን ለሟቹ ስንሰጋ ቆይተን፣ አሁን የገዳዩን መጋለጥ እንጠባበቃለን። ፖሊሶቹ ግን አንዳች ሳይጠረጥሩ ስለ ተራ ነገር ይጨዋወታሉ። ይህን ጨዋታ ከታሪኩ ብንቆርጠው፣ ከወለሉ ሥር ያለው ሬሳ ተራ መረጃ ሆኖ በቀረ ነበር።