ስለ እርከን ቀያሾች ሥልጠና
(ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ዶማና አካፋ አይደለም፤ እርሱን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። የምነግራችሁ እርከን የሚያልፍበትን መስመር ስለ መቀየስ ሙያ ነው። በ1997 ዓ.ም. የሴፍቲኔት ፕሮግራም ከተጀመረ ወዲህ በብዙ ወረዳዎች እጅግ ብዙ ሰው ለእርከን ሥራ ይሰለፋል። ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል ቅየሳ የተማረው አንዳንድ ጊዜ አንድ የልማት ሠራተኛ ብቻ ነው። እርሱ የታመመ ቀን መስመሩ በዓይን ግምት ይወጣል፤ ዓይን ግን በተዳፋት ላይ ያታልላል።

ይህንን የምለው ከራሴ ጥፋት ተነሥቼ ነው። ከእርሻ ኮሌጅ በወጣሁ በመጀመሪያው ዓመት ውሃ ልኩን ሳልፈትሽ አንድ እርከን ቀየስሁ። ሐምሌ ሲገባ ውሃው በእርከኑ ላይ ተኝቶ በመስረግ ፈንታ ወደ አንድ ወገን ሮጠ፤ ተጠራቅሞም ክትሩን ሰበረና ከታች ያለውን የአንዲት ባልቴት የጤፍ ማሳ ለሁለት ከፈለው። «ልጄ፣ ውሃውን ሰብስበህ ላክህብኝ» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ በየጎጡ ሦስት ሦስት ሰው ተመርጦ ይሠልጥን እላለሁ። ሁለቱ ዘንግ ይይዛሉ፤ አንዱ መካከል ቆሞ ውሃ ልኩን ያያል። ፊደል ባይቆጥሩም በዘንጉ ላይ በቢላ የተቀረጸ ምልክት ይበቃቸዋል። ሴቶችም ይመረጡ። ዘንግ የሚይዘውን ሰው «ሳይቆፍር ይከፈለዋል» እያላችሁ የምትወቅሱትን ግን ተዉ፤ የቆፋሪው ሁሉ ድካም በእርሱ እጅ ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት ፍተሻ ነው። 10 ሜትር ሲባጎ ለሁለት ታጥፎ እኩሌታው ላይ ይቋጠርና ውሃ ልኩ በዚያ ይንጠለጠላል። ሲባጎው ሳይነቃነቅ ውሃ ልኩን ቀኙን ወደ ግራ አዙሩት፤ አረፋው በፊት በነበረበት ቦታ ካልቆመ ውሃ ልኩ ብልሹ ነውና አትሥሩበት። እኔ የዘለልሁት ይህንኑ ነበር።

ዝናብ ባነሰበት አገር ሲባጎው በሁለቱም ዘንጎች ላይ በእኩል ከፍታ ይታሰራል። ዝናብ በበዛበት ግን ትርፉ ውሃ ቀስ ብሎ መውጣት አለበት፤ ስለዚህ ውሃው በሚወርድበት በኩል ባለው ዘንግ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ እሠሩ፤ ከ10 ሳንቲ ሜትር አትለፉ። መጨረሻውም ሣር በለበሰ የውሃ መውረጃ ላይ ይሁን እንጂ በጎረቤት ማሳ ላይ አይሁን። ቀይሳችሁ ስትጨርሱ ከመጨረሻው ችካል ወደ መጀመሪያው እየለካችሁ ተመለሱ፤ ሁለቱ ልክ ካልገጠመ እንደገና ይቀየስ።

ይህ በጥቁር ሰሌዳ ብቻ የሚማሩት አይደለም። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ፣ ጥር ሳይገባ፣ በተዳፋት ማሳ ላይ እንሠለጥናለን። እናንተ ሲባጎ፣ ሁለት እኩል ዘንግና ችካል ይዛችሁ ኑ፤ ውሃ ልኩን እኔ አመጣለሁ፤ መጀመሪያ የምትፈትሹትም እናንተ ናችሁ።