የወፏን ጎጆ ለልጆቻችን እናሳይ



ክረምቱ ወጥቶ ደመናው ሲገፈፍ በወላይታ፣ ዱቦ ዙሪያ ያለው መስክ መልኩን ይለውጣል። በእንሰቱ ጓሮ ዳርና በመንገዱ ግራና ቀኝ ቢጫ አበባ ይፈካል። ዕድሜው ጥቂት ሳምንታት ነው፤ ዘሩን አራግፎ ይደርቃል። በዚሁ ወቅት ከአውሮፓ ብርድ የሸሹ፣ ጭራቸውን ከፍ ዝቅ የሚያደርጉ ደቃቅ ወፎች መጥተው በከብቶች እግር ሥር ነፍሳት ይለቅማሉ።

የእኛን ቢጫ ጎጆ ሠሪ ወፍ ደግሞ ተመልከቱ። ወንዱ ሣሩን በቀጭኑ እየሰነጠቀ፣ አፉ ወደ ታች የሆነ ጎጆ ይሠራል። ከዚያም ክንፉን እያራገበ ሴቷን ይጠራል። አይታ ካልወደደችው አፍርሶ እንደገና ይጀምራል። እጅ የለው፣ መርፌ የለው! ሱብሓነላህ!

ብዙዎቹ ልጆቻችን ግን ይህን ጎጆ የሚያውቁት በወንጭፍ መትተው ሲያወርዱት ነው። እርግጥ ገበሬው እህሉን ሲበሉበት ቢያባርራቸው አይወቀስም። ጫጩት ለጨዋታ መውሰድ ግን ሌላ ነው። አቡ ዳውድ ከኢብኑ መስዑድ እንደዘገቡት፣ ሰሐቦች በጉዞ ላይ የአንዲት ወፍ ሁለት ጫጩቶች ወሰዱ። እናቲቱ ክንፏን እያርገበገበች መጣች። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ማን በልጆቿ እንዳስጨነቃት ጠይቀው፣ እንዲመልሱላት አዘዙ።

ወላጆች ሆይ! ከፈጅር ሰላት በኋላ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ። ከዛፉ ራቅ ብላችሁ ቁሙና ጎጆው ሲሠራ አሳዩአቸው። የወፏን ልፋት ያየ ልጅ ድንጋይ ማንሳት ይከብደዋል።

አላህ ለፍጡራኑ የምናዝን ያድርገን፤ አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም።