ልጅን የሚያንጸው መላው የትምህርት ቤት ማኅበረሰብ ነው

ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት በተዘጋጀ የምክክር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በየአጥቢያችን ስለ ትምህርት ቤት ስንወያይ አስቀድመን የምናነሣው የመማሪያ ክፍል፣ የወንበርና የመጽሐፍ ጉዳይ ነው። እነዚህ ሁሉ ያስፈልጋሉ። ዛሬ ግን በክፍሉ ውስጥ ስለሚቀመጠው ልጅ ልብ ልንነጋገር ወደድን። ልጁ ሲቈጣ ቍጣውን እንዴት ይገዛል? የባልንጀራውን ኀዘን እንዴት ይረዳል? ሲጣላስ እንዴት ይታረቃል? የትምህርት ባለሙያዎች ይህን ማኅበራዊና ስሜታዊ ትምህርት ይሉታል። ራስን ማወቅ፣ ራስን መግዛት፣ የሌላውን ስሜት መረዳት፣ ከሰው ጋር በሰላም መኖርና በኃላፊነት መወሰን አምስቱ ዘርፎቹ ናቸው።

ስሙ አዲስ ቢመስልም ነገሩ ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ አይደለም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ ልጆች አስተዳደግ በጻፈው ድርሳን የሕፃኑን ነፍስ በከተማ፣ የስሜት ሕዋሳቱን በከተማዪቱ በሮች መስሎ ያስተምራል። በሮቹ እንዲጠበቁ ሲያሳስብም ከአባት አልፎ እናትን፣ ሞግዚትንና የቤቱን አገልጋዮች ያነሣል። በትርን በተመለከተም ልጁ ዘወትር ሊመታ እንደማይገባው፣ ድብደባ የለመደ ልጅ ቅጣትን መናቅ እንደሚጀምር ያስጠነቅቃል።

ይህ አሳብ በሥራ ሲተረጐም ምን እንደሚመስል ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ እናምጣ። ጄምስ ኮመር የተባሉ የሥነ አእምሮ ሐኪም በ1968 እ.ኤ.አ. ከዬል ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር በአሜሪካ ኒው ሄቨን ከተማ በሁለት ትምህርት ቤቶች ሥራ ጀመሩ። አብዛኞቹ ተማሪዎች ከድኻ ቤተሰብ የመጡ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ፤ ውጤታቸው ዝቅተኛ፣ ጠባቸውም የበዛ ነበር። ሐኪሙ በልጆቹ ዙሪያ ያሉትን አዋቂዎች አሰባሰቡ። ርእሰ መምህሩ፣ መምህራኑ፣ ወላጆችና ሌሎች ሠራተኞች በአንድ ጉባኤ ተቀምጠው የትምህርት ቤቱን ዕቅድ አብረው አወጡ። ጉባኤው ሦስት ሥርዓት ነበረው፤ በደለኛ ሳይፈልጉ ችግሩን መፍታት፣ በስምምነት መወሰንና ተባብሮ መሥራት። ጅማሬው ውዝግብ ነበረበት። ከዓመታት በኋላ ግን የልጆቹ ጠባይም ውጤትም ተሻሻለ። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ 213 መርሐ ግብሮችንና ከ270,000 በላይ ተማሪዎችን ያካተተ የጥናቶች ማጠቃለያም ይህን ትምህርት ያገኙ ተማሪዎች በጠባይም በትምህርት ውጤትም ካላገኙት መብለጣቸውን አሳይቷል።

ወደ አጥቢያችን እንመለስ። ልጅ ሲያጠፋ መምህሩ ወላጁን ይወቅሳል፤ ወላጁ መምህሩን ይወቅሳል፤ ሁለቱም ካህኑ ምን ይሠራል ይላሉ። ልጁም በሦስቱ መካከል ሦስት ሕግ ይጠብቀዋል። በግብረ ገብ ክፍለ ጊዜ ስለ ትዕግሥት የተማረ ልጅ በደጅ ሲሰደብ፣ በቤት ሲገረፍ ከዋለ፣ የሚማረው የደረሰበትን ነው።

የበትርን ነገር በግልጽ እንናገር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤቶችና ሕፃናትን በሚንከባከቡ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአብነት ትምህርት ቤት በበትር ካልሆነ አይጸናም የሚሉ አሉ። ሕጉ ግን ትምህርት ቤት ሲል የቆርቆሮውን ቤትና የሣር ጎጆውን አልለየም። የአብነት ተማሪም ከእናት ከአባቱ ርቆ የሚኖር በመሆኑ የሚያጽናናውን አብዝቶ ይሻል። ታላቁ ተማሪ ለታናሹ ፊደል የሚያስቆጥርበት ሥርዓታችን ራሱ ትልቅ ሀብት ነው፤ ታላቁ ከፊደሉ ጋር ርኅራኄን እንዲያስተምር ማገዝ ይገባናል። ይህን ሁሉ ከየኔታ ስንጠይቅም የየኔታን ጉርስና ልብስ አንርሳ። የተራበና የተረሳ መምህር ልጅን በትዕግሥት ያስተምር ዘንድ መጠበቅ ከባድ ነው።

እንግዲህ ከእያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ የምንጠይቀው አራት ነገር ነው። አንደኛ፣ ርእሰ መምህሩ፣ ወላጆች፣ አንድ ካህን፣ የአብነት መምህሩ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ተወካይና የጥበቃ ሠራተኛው በወር አንድ ጊዜ ተገናኝተው ስለ ልጆቹ ይምከሩ፤ ምክሩም መካሰስ የሌለበት ይሁን። ሁለተኛ፣ ልጆች ሲጣሉ በትምህርት ቤትም፣ በቤትም፣ በቤተ ክርስቲያንም አንድ ዓይነት ሥርዓት ይኑር፤ መጀመሪያ ይረጋጉ፣ ከዚያ ሁለቱም በየተራ ይደመጡ፣ በመጨረሻም የተበደለው ይካስ፣ ዕርቅ ይውረድ። ሦስተኛ፣ በትር ከክፍልም ከጉባኤ ቤትም ይውጣ። አራተኛ፣ የንስሐ አባቶች ወደ ምእመናን ቤት ሲገቡ ከወላጆች ጋር ስለ ልጆች አያያዝ ይነጋገሩ፤ ቅዱስ ጳውሎስ አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡ የሰጠውን ምክር ያስታውሷቸው።

ይህ ሥራ አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም። ጊዜን፣ ትዕግሥትንና ልጅን በትክክል ማዳመጥን ይጠይቃል። ጌታችን ደቀ መዛሙርቱ የከለከሏቸውን ሕፃናት ወደ እርሱ አስቀርቦ ባርኳቸዋል። በትምህርት ቤቱ ደጅ የምንቆም ሁላችን፣ ከርእሰ መምህሩ እስከ ጥበቃው፣ ከካህኑ እስከ ወላጁ፣ ከከልካዮቹ ወገን እንዳንገኝ እግዚአብሔር ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።